የመመለሻው ዓምድ

የእስያ ቋንቋዎችና ባህል ጥናት ክፍል ከተማሪው ዜናው ይበዛል ይሉ ነበር የታሪክ ክፍል መምህራን። ቅናት አለበት፤ ሐሰት ግን አይደለም። ዋርካ ሜዳ ዩኒቨርሲቲ፣ ከሚዛን ወደ ሸዋ ቤንች በሚወስደው መንገድ ዳር የተሠራው ማለት ነው፣ ክፍሉን በ2005 ዓ.ም. ሲከፍት አገሩን የቻይና መንገድ ሠራተኛ ሞልቶት ነበርና «ልጆቻችን ቋንቋቸውን ቢያውቁ ምን ይጎዳል?» ተብሎ ነው። አራት መምህራን፣ አሥራ ስምንት ተማሪዎች፣ ግድግዳ የሚሞላ የእስያ ካርታና ከካርታው ሥር የምትቀመጥ አንዲት ጸሐፊ ተሰጠው። ከዚያ ወዲህ ሌላ ተማሪ አልተመደበለትም። ዜና ግን በየሳምንቱ ይወጣለታል። የጎደሬ ቀን ተከበረ፤ ጎደሬ ከእስያ የመጣ ነውና። የቻይና አዲስ ዓመት ተከበረ። የሕንድ ቅመማ ቅመም ዐውደ ርዕይ ተከፈተ፤ ዐውደ ርዕዩ አንድ ጠረጴዛ ላይ ያለቀ መሆኑ አልተጻፈም።

ይህን ሁሉ የምትጽፈው ጸሐፊዋ ማናልሞሽ ናት። የሚዛን ልጅ፣ አርባ ሊሞላት አንድ ዓመት የቀራት፣ እጇም አፏም ፈጣን። ዜናው በዩኒቨርሲቲው ሳምንታዊ ወረቀት ላይ እንዲወጣ ዓርብ እኩለ ቀን ሕዝብ ግንኙነት መድረስ አለበት፤ የክፍሉ ጉዞና በዓል ደግሞ የሚደረገው ቅዳሜ ነው። ስለዚህ ማናልሞሽ የቅዳሜውን ነገር ዓርብ ጠዋት «ተካሄደ» ብላ ትጽፈዋለች። ማንም አያፍርበትም፤ የሁሉም ቢሮ ወግ ነው። የክፍሉ ኃላፊ ዶክተር ታፈሰ እንዲያውም ይኩራሩባት ነበር፤ «ማናልሞሽ ዜናውን ቀድማ ታበስለዋለች፣ እኛ ደርሰን እንበላዋለን» እያሉ። የዜናው መጨረሻ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ «ተሳታፊዎቹም መርሐ ግብሩን አጠናቀው በሰላም ተመልሰዋል።» ከሥሩ «ለበለጠ መረጃ» ይልና የማናልሞሽ የእጅ ስልክ ቁጥር ይከተላል።

የመፈራረሚያው ወረቀትም እንዲሁ መላ ነበረው። ወረቀቱ ላይ ስም አለ፣ «መነሻ» የሚል ዓምድ አለ፣ «መመለሻ» የሚል ዓምድ አለ። ደንቡ ተማሪው ሲሄድ አንዱን፣ ሲመለስ ሌላውን እንዲፈርም ነው። ተማሪ ግን ከጉዞ ሲመለስ ርቦት ነው፤ የመኪናው በር ሳይከፈት ወደ ካፌ ይሮጣል። ማናልሞሽ መጀመሪያ ሰሞን አሥራ ስምንት ሰው በየማደሪያው ስታሳድድ ከርማ መረራት። ከዚያ ዘዴው ተገኘ፤ «ሁለቱንም አሁኑኑ ፈርሙልኝና ማታ እረፉ፣ እኔም ልረፍ!» ተማሪው ሳቀ፣ ፈረመ፣ ወግ ሆነ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል። ማናልሞሽ ግን ያፈሰሰችውን የምትለቅምበት ቀን አልመጣላትም።

ነገሩ የሆነው በጥቅምት 2007 አንድ ቅዳሜ ነው። ክፍሉ ከሸኮ ወዲያ፣ ወደ ቴፒ መቃረቢያ፣ ጫካ ውስጥ ወዳለ አንድ የቅመማ ቅመም እርሻ ሄደ። ቁንዶ በርበሬ፣ እርድና ቀረፋ ከእስያ መጥተው በእኛ ቡና ጥላ ሥር እንዴት እንደኖሩ ለማየት ነው። አንድ ሚኒባስና አንድ ፒካፕ ተያዘ። ማናልሞሽ ጠዋት በር ላይ ቆማ አሥራ ስምንቱንም ሁለቱን ዓምድ አስፈረመች፣ ወረቀቱን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች፣ ዓርብ የጻፈችውን ዜና ሰሌዳው ላይ ለጥፋ ወደ ቤቷ ሄደች። መኪኖቹ ገና ሸኮ ሳይደርሱ ሰሌዳው ላይ ሁሉም በሰላም ተመልሰዋል።

ከተማሪዎቹ አንዱ ፈሀድ ነበር። አባቱ ሙሐመድሳኒና እናቱ ከድጁ ከጅማ በኩል መጥተው ቴፒ መናኸሪያ አጠገብ ጨርቅ የሚሸጡ ነጋዴዎች ናቸው። ዝምተኛ ልጅ ነው፤ በቻይንኛው ግን የሚደርስበት አልነበረም። መምህሩ የቻይና ስም አውጥቶለት ነበርና ከሌላው ተማሪ ሁሉ ለይቶ የሚፈርመው በዚያ ነው፤ ሁለት የቻይና ፊደል ጎን ለጎን ያጣብቅና የመጨረሻዋን ጭረት ከመስመሩ በታች ይጎትታታል። ማናልሞሽ ታሾፍበት ነበር፤ «አንተ ልጅ፣ ይቺ ጭረትህ ከወረቀቱ ልትወጣ ነው እኮ!»

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ዶፍ ወረደ። ሁሉም እየተጋፋ መኪና ላይ ወጣ። ፈሀድ ለእናቱ የቁንዶ በርበሬ ችግኝ ላምጣ ብሎ ወደ ኋላ ተመልሶ ነበር። ሚኒባሱ ላይ ያሉት ፒካፑ ላይ ነው አሉ። ፒካፑ ላይ ያሉት ሚኒባሱ ላይ ነው አሉ። ጭቃው መንገዱን ሳይዘጋው እንውጣ ተባለ፣ ተወጣም።

እሁድ ጠዋት ማናልሞሽ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ ስልኳ ጠራ። ከድጁ ናት።

«የኔ እህት፣ የፈሀድ እናት ነኝ። ስልኩ አይሠራም። ገብቷል ወይ?»

ማናልሞሽ ዝም ብላ አልመለሰችም፤ ይህን እውነቱን መናገር ይገባል። ቦርሳዋን ከፍታ ወረቀቱን አወጣች፣ በጣቷ እየተከተለች አየች። መነሻ፣ ተፈርሟል። መመለሻ፣ ተፈርሟል። ጭረቷም አለች። ጠዋት መኪና ሳይነሳ ያስፈረመችው ራሷ መሆኗ ትዝ አላላትም። ወግ ሲለመድ ዓይን ያሳውራል።

«ገብቷል እኮ አዴ፤ ይኸው ፈርሟል። ባትሪ ዘግቶበት ይሆናል፣ አያስቡ» አለቻት። የጅማ ሰው እናትን ሲያከብር አዴ እንደሚል ታውቃለች።

ስምንት ሰዓት ላይ ደግሞ ሌላ ስልክ መጣ። የእርሻው ዘበኛ ባዘዘው ነው፤ ቁጥሯን ያገኘው ተማሪዎቹ ከሰጡት የዜና ወረቀት ሥር ነው።

«ከጫካው ውስጥ ሰው የሚጣራ ይመስለኛል። የቀረባችሁ ልጅ አለ እንዴ?»

ማናልሞሽ ወረቀቱን ለሁለተኛ ጊዜ አየች። «የለም ወንድሜ፤ ሁሉም ተመልሰዋል። ፈርመዋል።»

«እንግዲያው ቡና ለቃሚ ይሆናል» አለና ዘጋው።

ሰኞ ፈሀድ ከክፍል መቅረቱ ታወቀ፤ ማክሰኞ ጫካው ውስጥ ሞቶ ተገኘ። ገደል ገብቶ ጭኑ ተሰብሯል። ችግኙን በጃኬቱ ጠቅልሎ አጠገቡ አስቀምጦታል። ዙሪያውን የቀይ ቡና ልጣጭ ተበትኗል፤ እጁ የደረሰበትን ቅርንጫፍ ሁሉ እየለቀመ ጣፋጩን መጥጦ የተፋው ነው። አንዳንዱ ልጣጭ ደርቋል፣ አንዳንዱ ገና እርጥብ ነው። ባዘዘው ያንን አይቶ ዶክተር ታፈሰንና ማናልሞሽን ገለል አደረገና «ይህ ልጅ እስከ ሰኞ ነበረ» አላቸው። ሌላ አልጨመረም። ማናልሞሽን ግን አየት አደረጋት።

«ለቤተሰቡ በወደቀበት ወዲያው ነው ያለፈው በሉ» አሉ ዶክተር ታፈሰ። «ሌላው ምን ይፈይድላቸዋል?» ይህን ያናገራቸው ርኅራኄ ይሁን የክፍላቸው ፍርሃት እሳቸው ይወቁት። ባዘዘው ከወር በኋላ ሥራውን ለቅቆ ወደ አገሩ ወደ ማጂ ሄደ። የስልኩን ነገር የምታውቅ ማናልሞሽ ብቻ ቀረች። ሆድ ይፍጀው አለች። ሆድ ግን እንደዚህ ያለውን ነገር አይፈጀውም፤ ያኖረዋል እንጂ። እሁድ እሁድ ስምንት ሰዓት ሲሆን የስልኳን ባትሪ ማውጣት ጀመረች።

በዚያው ዓመት በየካቲት ክፍሉ ዳግመኛ ጉዞ ወጣ፤ ወደ መንገድ ሠራተኞቹ ካምፕ፣ ቋንቋ ለመለማመድ። አሁን ማናልሞሽ ተለውጣለች። ጠዋት መነሻውን ብቻ አስፈረመች። አሥራ ሰባት ሰው ቆጥራ አሥራ ሰባት ሰው አሳፈረች። መኪናው ከወጣ በኋላ ወረቀቱን ስታየው ተራ ቁጥር አሥራ ስምንት ላይ ስም አለ። ፈሀድ ሙሐመድሳኒ። መነሻው ተፈርሟል፤ ሁለቱ የቻይና ፊደላት፣ ከመስመር በታች የተጎተተችው ጭረት። ወረቀቱ እዚያ ቦታ ላይ ረጥቧል። የካቲት ነው፤ ሚዛን ላይ ከሳምንት ወዲህ ጠብ ያለ ነገር የለም።

ማታ መኪናው ሲመለስ በሩ ላይ ቆማ እየቆጠረች አስፈረመች። አሥራ ሰባቱ ፈረሙ። የአሥራ ስምንተኛው መመለሻ ባዶ ቀረ።

«ማን ነው የቀለደብኝ?» ብላ የክፍሉን ተጠሪ ላምያን ጠየቀቻት። ላምያ ወረቀቱን አየች፣ እጇን አፏ ላይ ጫነች፣ «ወላሂ ማንም አልነካውም» ብላ አለቀሰች። ከዚያ በኋላ ለተማሪ ማሳየት ተወች።

በሚያዝያም እንዲሁ ሆነ። በሰኔ ማስመሪያ ይዛ ከአሥራ ሰባተኛው ስም ሥር በቀይ ቀለም ወፍራም መስመር አሰመረች። ስሙ ከመስመሩ ሥር መጣ። ሁልጊዜ መነሻው የተፈረመ፣ ሁልጊዜ መመለሻው ባዶ፣ ሁልጊዜ ወረቀቱ እርጥብ። አንድ ቀን ጨከነችና ለዶክተር ታፈሰ አሳየቻቸው። መነጽራቸውን አውልቀው በክራቫታቸው ጠረጉ፣ መልሰው አደረጉ፣ እንደገና አዩ።

«ማሽኑ ነው» አሉ።

«ዶክተር፣ ይህ የእስክሪብቶ ጽሑፍ ነው እኮ።»

«ማሽኑ ነው አልኩሽ ማናልሞሽ! የድሮውን ፋይል ቀላቅሎ ነው። አቃጥይውና ሌላ አትሚ» ብለው ወጡ። ከዚያ ቀን ወዲህ በጠረጴዛዋ በኩል ማለፍ ትተው በኋላው በር ይገቡ ጀመር።

አላቃጠለችም። ሁሉንም ወረቀቶች ከመጀመሪያው፣ ከጥቅምቱ ወረቀት ጋር መሳቢያዋ ውስጥ ቆለፈችባቸው። ከስታች፣ እንቅልፍ አጣች። ልጁ የሚፈልገው ምን እንደሆነ የገባት መሰላት፤ ያቺን መመለሻ የሚሏትን ዓምድ በውሸት ሞልታበታለች፣ እውነቱ ይወጣለት ዘንድ ነው የሚመላለሰው። ጠበል ገባች። በመጨረሻ ለንስሐ አባቷ ነገረች። ሽማግሌውም፣ «ልጄ፣ ለእኔ የነገርሽኝን ለነገሩ ባለቤት ንገሪ። ይቅር ልትልሽ የምትችለው እናቱ ናት» አሏት። ይህ በጳጉሜን ነው። ማናልሞሽም ቆረጠች። ልጅሽ ተመልሷል ባልኩሽ ሰዓት በሕይወት ነበረ፣ ሲጣራ የሰማ ሰው ነበረ፣ እኔ ዝም አሰኘሁት፤ ይህን ለከድጁ ትላታለች። ከዚያ እናቲቱ ትርገማት፣ ትክሰሳት፣ ከሥራ ታስባርራት፤ ብቻ ትተኛለች። ሁለት ጊዜ ቴፒ ድረስ ሄዳ ከመናኸሪያው ሳትወጣ ተመለሰች።

በጥቅምት 2008፣ ዓመቱ ሊሞላ ሦስት ቀን ሲቀረው፣ ከድጁ ራሷ መጣች።

ክፍሉ ያን ሰሞን ሽር ጉድ ላይ ነበር። ከአንድ የእስያ አገር ኤምባሲ እንግዳ ይመጣል ተብሎ ቀይ ወረቀት ይቆረጣል፣ ካርታው አቧራው ይራገፋል፤ እንግዳው ካልተደሰተ ክፍሉ ይዘጋል የሚል ወሬም አለ። ዶክተር ታፈሰ ሴትዮዋን በመስኮት አይተው ወደ ማናልሞሽ ጎንበስ አሉ። «የምትጠይቅሽን ስጫትና በሰላም ሸኛት። ዛሬ ሌላ ነገር እንዳይነሳ» ብለው በኋላው በር ሄዱ።

ከድጁ ጥቁር ሻሽ አስራለች። የቀረበላትን ወንበር ትታ መስኮቱ ሥር ያለው ላይ ተቀመጠች። ፈሀድ ዜና ሊወስድ ሲመጣ የሚቀመጠው እዚያው ላይ ነበር፤ እሷ አታውቅም።

«ላስቸግርሽ አልመጣሁም የኔ እህት» አለች። «ዓመቱ ስለሆነ ቤት ዱዓ እናደርጋለን። ልብሱን ለምስኪን ሰጠን። ደብተሮቹን ጓደኞቹ ወሰዱ። የእጁ ጽሑፍ የሚባል ነገር ቤቴ የለም። ያን ቀን ፈርሟል ብለሽኝ ነበር። ያቺን ወረቀት ብትሰጪኝ ብዬ ነው።»

ማናልሞሽ ቁልፉን ከአንገቷ አውጥታ መሳቢያውን ከፈተች። የጥቅምቱን ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው። ከድጁ ማንበብ አትችልም፤ ግን አልጠየቀችም። ጣቷ ቀጥ ብሎ ጭረቷ ላይ አረፈ።

«ይቺ ናት» አለች። «ቤትም እንዲህ ነበር የሚፈርመው፣ ዱቄት ላይ ሳይቀር። እስቲ ጭረቱን ሰብስበው እለው ነበር።»

ማናልሞሽ እንባዋ መጣ። አሁን ነው፣ አለች በልቧ። አሁን ካልሆነ መቼም አይሆንም።

«አዴ ከድጁ» አለች፤ «ስለዚያ እሁድ የምነግርዎ ነገር አለ።»

«ቆይ!» አለች ከድጁ እጇን አንስታ። «ስለዚያ እሁድ እኔ ልቅደም። ለሰው ነግሬው አላውቅም። ለአንቺ ልንገርሽ፤ አንቺ ነሽ ያነጋገርሽኝ።»

ሻሿን አጠበቀችና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«ያን ዕለት ጠዋት አባቱ ልቤ ፈራ አለ። ሞተሩን አስነስቶ ወደ እርሻው ሊሄድ በር ላይ ነበር። ለአንቺ የደወልኩት እሱ እየጠበቀ ነው። ገብቷል ስትዪኝ ሮጬ ወጣሁና የሞተሩን እጀታ ያዝኩ። ‹ተመልሷል ተብሏል፣ ፈርሟል፣ በዚህ ጭቃ ሸምግለህ የት ትሄዳለህ?› አልኩት። ‹ለማንኛውም ልየው› አለ። ‹እኔን ካላመንክ ሂድ› ብዬ ተቆጣሁ። አጠፋው። ሞተሩን አጠፋውና ቤት ገባ።»

ከውጭ ተማሪዎች ቀይ ወረቀት እየቆረጡ ይሳሳቃሉ።

«ዓመቱን ሙሉ እንዴት እንደኖርኩ ታውቂያለሽ?» አለች ከድጁ። «ወዲያው ነው ያለፈው ብላችሁኛል። በዚያ ነው የኖርኩት። ቅዳሜ ካለፈ፣ እሁድ ሞተሩን ባስጠፋው ባላስጠፋው አንድ ነው። እሁድ ነፍሱ ኖሮ ቢሆን ግን ልጄን የገደልኩት እኔ ነኝ ማለት ነው። ማታ ማታ ይመጣብኛል። አንዳንዴ ሰው እንዳይከፋኝ ብሎ ይሆን የነገረኝ እላለሁ። አንቺ ወረቀቱን የያዝሽ ሰው ነሽ። ከአንቺ አፍ ልስማው። ወዲያው ነው አይደል?»

የንስሐ አባቷ ቃል ጆሮዋ ላይ ነው። እውነቱ ጉሮሮዋ ላይ ነው። ዓመት ሙሉ የተሸከመችውን ነገር ለማውረድ አንድ ቃል ነው የቀራት። ነገር ግን ማናልሞሽ የተጎነበሰችውን ሴት አየች፣ በእርጅና የተሸበሸበውን፣ ሞተሩን ይዞ ያስቀረውን እጅ አየች፣ ያን ጊዜም ገባት። ሸክሙ መሬት አይወርድም። ብታወርደው የምታወርደው እዚች ሴት ጀርባ ላይ ነው።

«ወዲያው ነው አዴ» አለች። «ምንም አልተሰቃየም።»

«ማይልኝ።»

ማናልሞሽ በዕድሜዋ በሐሰት ምላ አታውቅም። ሲያሾፉባት እንኳ «እንዲያው ሙች» ከማለት አልፋ አትሄድም።

«ሚካኤልን» አለች።

ከድጁ በረጅሙ ተነፈሰች። ወረቀቱን አንስታ ጭረቷን ሳመች፣ ከዚያ የማናልሞሽን እጅ ይዛ ሳመች። ማናልሞሽ እጇን መንጠቅ ፈለገች፤ አልቻለችም። የተሳመው ቦታ እሳት የነካው ያህል አቃጠላት።

«አላህ ያሳርፍሽ፣ እንዳሳረፍሽኝ» አለች ከድጁ። ወረቀቱን አጥፋ ሻሿ ውስጥ ቋጠረችው። «ችግኙን ተክዬዋለሁ። ጓሮ ካለው ዋንዛ ላይ ወጥቷል።»

ማናልሞሽ እስከ ግቢው በር ሸኘቻት። ሙሐመድሳኒ ከዋርካው ሥር ሞተሩን ተደግፎ ይጠብቃል፤ ረጅም፣ ጺሙ የሸበተ ሰው ነው። ከድጁ ፊቷን ልትታጠብ ወደ ቧንቧው ስታልፍ ሁለቱ ብቻቸውን ቀሩ።

«ጠየቀችሽ?» አለ ቀስ ብሎ።

«ጠየቁኝ።»

«ምን አልሻት?»

«ወዲያው ነው አልኳቸው።»

ሙሐመድሳኒ ራሱን ነቀነቀ። ዓይኑ ቧንቧው ላይ ነው።

«የልጄን ገላ ያጠብኩት እኔ ነኝ» አለ። «አፉ ውስጥ የቡና ልጣጭ ነበር። ገና ቀይ ነው። በጣቴ ነው ያወጣሁት። ለሷ አልነገርኳትም።»

እሱ ግን አልጨረሰም።

«ያ ዘበኛም ወደ ማጂ ከመሄዱ በፊት ሱቄ መጥቶ ነበር። እሁድ ስምንት ሰዓት ላይ ደውሎ ምን እንደተባለ ነግሮኛል።»

ዓመት ሙሉ ለብቻዋ የያዘችው የመሰላትን ነገር ይህ ሰው ጨርቅ እየለካ፣ ሚስቱን እያጽናና፣ ይዞት ኖሯል። ይቅር ይበሉኝ ልትል አፏን ከፈተች።

«ተይው» አለ። አልተቆጣም፤ ይቅር አልኩሽም አላለም። «ይቅርታውን እኔ እንጃ። ልቤ እሺ አላለኝም፤ ሲል ያኔ እመጣለሁ። እስከዚያው እኔም ይዤዋለሁ፣ አንቺም ያዢው። እሷ ጋ ብቻ እንዳይደርስ።»

ከድጁ ፊቷን በሻሿ ጫፍ እያደረቀች መጣች። ሙሐመድሳኒ ሞተሩን አስነሳ። እጀታውን ሲይዝ ትንሽ ዘገየ፤ ከኋላው እስክትደላደል ጠበቃትና ሄዱ።

እንግዳው ከኤምባሲ መጣ፣ ፎቶ ተነሳ፣ ተደስቻለሁ አለ። ማናልሞሽ የዚያን ቀን ዜና ዓርብ አልጻፈችም፤ ሰኞ ነው የጻፈችው፣ የሆነውን ብቻ። ሳምንታዊው ወረቀት ላይ አልወጣም። ዶክተር ታፈሰ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ሰጧት፤ ተቀብላ ፈረመች። ከዚያ ወዲህ ቀድማ የጻፈችው ዜና የለም፤ «በሰላም ተመልሰዋል» የምትለዋንም ዐረፍተ ነገር እጇ አልጻፋትም።

ኅዳር ላይ ተማሪዎቹ ወደ ሻይ እርሻ ሄዱ። ጠዋት አሥራ ሰባቱ ፈረሙ። ማናልሞሽ ወረቀቱን ከማየቷ በፊት ጣቷን ከታች አሳለፈች፤ እርጥብ ነው። እንግዲህ እውነቱን ፈልጎ ከሆነ የሚመጣው አልሰጠችውም፤ በስሙ ላይ ሌላ ውሸት ጨመረች፣ ያውም በሚካኤል። እንዳይመጣ አትለምነውም። ፍርሃቱም እንደ ድሮው አልነበረም። አዘነችለት፣ ናፈቃትም ማለት ይቻላል።

አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ሚኒባሱ ግቢው ገባ። ካፊያ ጀምሯል። ማናልሞሽ በሩ ላይ ቆመች፤ ተማሪዎቹ አንድ በአንድ እየወረዱ እየፈረሙ ወደ ካፌው ሮጡ። አሥራ አምስት፣ አሥራ ስድስት። ላምያ አሥራ ሰባተኛ ሆና ወረደች። ውስጡ ባዶ ሆነ። ሹፌሩ በሩን ሊዘጋ እጁን ዘረጋ።

ማናልሞሽ ግን ከቦታዋ አልተነቃነቀችም። እስክሪብቶውን ወደ ባዶው በር ዘርግታ፣ ወረቀቱን በሌላው እጇ ከካፊያው ከልላ ቆመች።

«ጨረሱ እኮ እህቴ፣ ልዝጋው?» አለ ሹፌሩ።

«ቆይ» አለችው። «አንድ ልጅ ቀርቶብናል።»